ኮዱ ከተጻፈ በኋላ

የሥራ ማስታወቂያዎች «ሲኒየር ሶፍትዌር ዴቨሎፐር» ከሚለው ማዕረግ ሥር ብዙውን ጊዜ «አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ» ይሉና የፍሬምወርክ ስም ይደረድራሉ። ቀጣሪ እንዲህ የሚጽፈው ዓመትም ሆነ የፍሬምወርክ ስም ለመቁጠር ስለሚመች ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ያንኑ የምዝገባ ፎርም እየቀያየረ ሲሠራ የኖረ ሰው አለ። ገና በሁለተኛ ዓመቷ፣ ችግር በተፈጠረ ቁጥር ቡድኑ ሁሉ የሚጠራት ልጅም አለች። በትናንሽ ድርጅቶች ነገሩ ይብሳል፤ ሦስት ዴቨሎፐር ባለበት ቤት ቀድሞ የገባው ሲኒየር ይባላል፤ ደመወዝ መጨመር ሲያቅትም ማዕረግ ይጨመራል።

እኔ የምከራከርለት መለኪያ ሌላ ነው። ዴቨሎፐሩ «ሥራዬ አለቀ» የሚለው መቼ ነው? ጀማሪው ኮዱ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሲሠራለት አለቀ ይላል። ትንሽ የቆየው ፕሮዳክሽን ላይ ወጥቶ ደንበኛ ሲጠቀምበት ይላል። ሲኒየሩ የሚያስበው የኮዱን ዕድሜ በሙሉ ነው፤ ሌላ ሰው ገብቶ የሚያስተካክልበትን ቀን፣ ተጠቃሚ የሚበዛበትን ወር፣ ተነቅሎ የሚጣልበትን ዓመት። ፍርዱ የሚሸፍነው ጊዜ ይረዝማል። ሌላው ሁሉ፣ የቋንቋ ችሎታውም ሆነ ስለ አርኪቴክቸር ማውራቱ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ነገሩ በቃል ሲነገር ቀላል ስለሚመስል አንድ የሥራ ቲኬት ይዘን እንየው፦ «ደንበኛን በስም መፈለጊያ ይሠራ»።

ዳታቤዙ ውስጥ የስም ዓምድ አለ፤ የተጻፈውን ከዚያ ጋር አመሳክሮ ማውጣት ብቻ ነው። ከምሳ በፊት ያልቃል። ቴስቱም ያልፋል፤ ስሙን ያስገባውም የፈለገውም ያው ሰው ነውና። ከዚያ አንዷ የቅርንጫፍ ሠራተኛ «ኃይሉ» ብላ ትፈልጋለች፤ ደንበኛው የተመዘገበው ግን «ሀይሉ» ተብሎ ነው። ለጆሮ አንድ ስም ነው፤ ለማሽኑ ሁለት። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቨርዥኑ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ሰጥቷል። ስለዚህ ሀ እና ኃ ለኮምፒዩተሩ እንደ ሀ እና መ የማይገናኙ ናቸው። ፀሐይ የሚባል ሰው ሲመጣ ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ እና ሃ እያሉ ማባዛት ነው። ሠራተኛዋ ደንበኛውን ስታጣው አዲስ አድርጋ ትመዘግበዋለች፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ አይፈረድባትም። አሁን አንድ ሰው ሁለት መዝገብ አለው፤ በአንዱ ብድር፣ በሌላው ቁጠባ። ይህን በኋላ ማጥራት መፈለጊያውን ከመሥራት እጅግ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ሲኒየሩ ያንኑ ቲኬት ሲቀበል ኪቦርዱን ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። የሚፈልገው ማን ነው? ስሙን ከምን እያየ ነው የሚጽፈው፣ ከመታወቂያ ወይስ ከደንበኛው አፍ? በአማርኛ ወይስ በላቲን ፊደል? መልሱን ሰምቶ ምናልባት ሁለት ዓምድ ያደርጋል። አንደኛው ስሙን ልክ በመታወቂያው ላይ እንዳለ ይይዛል፤ ማንም አይነካውም፤ ውል ላይ የሚታተመው እሱ ነው። ሁለተኛው ለመፈለጊያ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ተጠቅልለው ይቀመጡበታል። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ይረካል። ነገር ግን በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ድምፃቸውም የተለያየ ነው፤ ለአማርኛ የሚስማማው ጥቅለላ መቀሌ ቅርንጫፍ ላይ የማይገናኙ ስሞችን ያገናኛል። ዋናው ስም ሳይነካ ከቆየ ችግሩ ቀላል ነው፤ የመፈለጊያውን ዓምድ ደምስሶ በሌላ ደንብ እንደገና መሙላት ይቻላል። ከመጀመሪያው ዋናውን ስም ራሱን «አስተካክሎ» ያስቀመጠ ግን መመለሻ የለውም። የሲኒየር ውሳኔ የምለው ይህን ነው፤ ሁሉን አስቀድሞ ማወቅ ከማንም አይጠበቅም፣ ስህተቱ ሲገኝ በርካሽ የሚታረም እንዲሆን አድርጎ መሥራት ግን ይጠበቃል።

ከዚያም ምናልባት «በስም መፈለጉን ትተን በስልክ ቁጥር ብንጀምርስ?» ይላል፤ ቲኬቱም ግማሹ ይቀራል። (ከውጭ የመጡ ሲስተሞች «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ይዘው ሲመጡና ባልና ሚስት ለምን የተለያየ እንደሚጻፍባቸው ሲደናገራቸው ያየ ሰው፣ የስም ነገር የፊደል ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያውቀዋል።)

ሁለተኛው ምሳሌ ገንዘብ ነው። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። አንድ ቡድን የራሱን የክፍያ መተግበሪያ እየሠራ ነው እንበል። ተጠቃሚው «ላክ»ን ይጫናል፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ሠላሳ ሴኮንድ ይጠበቅና «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ተጠቃሚው የታዘዘውን ያደርጋል። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል።

ጥፋቱ «አልተሳካም» ከሚለው ቃል ይጀምራል። መልስ አለመምጣቱ ክፍያው አለመፈጸሙን አያሳይም። ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ጨርሶ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል፤ ደርሶ፣ ሂሳቡ ተቆርጦ፣ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ሰርቨሩ ገና እየሠራበት ይሆናል። ከስልኩ በኩል ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ጀማሪ ዴቨሎፐር የሚያውቃቸው ሁለት ውጤቶች ናቸው፣ ተሳክቷልና አልተሳካም። ሦስተኛው፣ «ገና አልታወቀም» የሚለው፣ በኮዱ ውስጥ ስም ተሰጥቶት መቀመጥ እንዳለበት የሚገባው አንድ ጊዜ ሂሳብ አልገጥም ብሎት ካመሸ በኋላ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። መተግበሪያው ለእያንዳንዱ ክፍያ ልዩ መለያ ይፈጥራል፤ እንደገና ሲሞከርም ያንኑ መለያ አብሮ ይልካል። ሰርቨሩ መለያውን ከዚህ ቀደም አይቶት ከሆነ ዳግመኛ አይቆርጥም፤ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል። በዚህ መሃል ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንዱ፣ «ላክ» በተጫነ ቁጥር አዲስ መለያ የሚፈጠር ከሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ለዳታቤዙ ሁለቱም አዲስ ክፍያ ናቸው። መለያው መፈጠር ያለበት የክፍያው ገጽ ሲከፈት ነው። ሁለተኛው፣ መለያውን መመዝገብና ሂሳቡን መቀነስ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ መሆን አለባቸው። መለያው መጀመሪያ ተመዝግቦ ሂሳቡ በኋላ የሚቀነስ ከሆነና በመሃል ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ ክፍያው እንደተፈጸመ ይቆጠራል፤ ገንዘቡ ግን ካለበት አልተነሳም። በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ወደ ድርብ ቅነሳው ተመለስን።

ይህን ማንም ጎበዝ ጀማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊማረው ይችላል። ሲኒየሩን የሚለየው ቴክኒኩን ማወቁ አይደለም፤ ጥያቄውን ገና ስክሪኑ ሲነደፍ ማንሳቱ ነው። ከዚያም አልፎ የስክሪኑን ጽሑፍ ያስቀይራል፦ «ክፍያዎ እየተጣራ ነው፣ እባክዎ ደግመው አይላኩ»። ደንበኛው የጥሪ ማዕከል ሲደውል ስልኩን የምታነሳው ልጅ ምን እንደምታይም ይጠይቃል። የምታየው ከሌለ የምትለው ይታወቃል፤ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ በዚህ አገር ወረፋ ቆሞ ያልሰማ የለም።

እስካሁን ያየነው በወራት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ኮድ ከጻፉት ሰዎች የሥራ ዘመን በላይ ሲኖር ምን እንደሚመጣ ለማየት ከናይት ካፒታል የተሻለ ታሪክ አላውቅም። ናይት በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የሌሎችን ትዕዛዝ የሚያስፈጽም ትልቅ ድርጅት ነበር። በትዕዛዝ ማስተላለፊያ ሶፍትዌሩ ውስጥ «ፓወር ፔግ» የሚባል አሠራር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 መጠቀም ቢያቆሙም ኮዱን አላወጡትም። በ2005 ምን ያህል አክሲዮን እንደተገዛ ወይም እንደተሸጠ የሚቆጥረው ክፍል ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በዚያ ምክንያት ፓወር ፔግ «ትዕዛዙ ሞልቷል፣ በቃ» የሚለውን ማወቂያ አጣ። ማንም አላስተዋለም፤ አገልግሎት ያልሰጠ ኮድ ማን ይፈትሻል? በ2012 አዲስ አገልግሎት ሲጨምሩ ድሮ ፓወር ፔግን ያስነሳ የነበረውን ፍላግ ለአዲሱ ሥራ ተጠቀሙበት። አዲሱ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። በሰባቱ ተጫነ፤ ስምንተኛው ተረሳ። ሁለተኛ ሰው እንዲያረጋግጥም አልተደረገም።

ኦገስት 1 ቀን ገበያው ሲከፈት ስምንተኛው ሰርቨር ፍላጉን አይቶ ዘጠኝ ዓመት የተኛውን ኮድ ቀሰቀሰ፤ ያም ማቆሚያውን ያጣ ኮድ ትዕዛዝ ሲያዘንብ ዋለ። ዋለ ማለት እንኳ ይበዛል፤ የፈጀው 45 ደቂቃ ገደማ ነው። 212 ትንንሽ ትዕዛዞችን ሊፈጽም ሲሞክር ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ፤ ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ሰዎቹ ሲደነግጡ አዲሱን ኮድ ጥፋተኛ አድርገው ከሰባቱ ደህና ሰርቨሮች ላይ አነሱት፤ ያኔ ስምንቱም ፓወር ፔግን ማስኬድ ጀመሩ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ዝርዝር ነው። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ «ፓወር ፔግ» የሚለውን ስም የያዙ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር። እንደ ማንቂያ ታስበው የተሠሩ ስላልነበሩ እርምጃ የወሰደባቸው አልነበረም። የአሜሪካ የዋስትና ሰነዶች ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 ድርጅቱን 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷል፤ ናይትም በዚያው ዓመት ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋህዶ ነጻ ሕልውናው አከተመ።

ስምንተኛውን ሰርቨር የረሳውን ቴክኒሻን መውቀስ ቀላል ነው። ግን እያንዳንዱን ውሳኔ ለብቻው ብታዩት ምክንያታዊ ይመስላል፦ «የማይሠራ ኮድ ማንን ይጎዳል»፣ «ፍላጉ ባዶ ነው፣ እንጠቀምበት»፣ «ኢሜይሉ ይበዛል»። ጆን ኦልስፖ በኤትሲ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በዚያው በ2012፣ ከአደጋ በኋላ ሰውን ከመቅጣት ይልቅ ያ ሰው በዚያች ሰዓት ውሳኔው ለምን ልክ እንደመሰለው መመርመር እንደሚበልጥ የጻፈው ጽሑፍ በሙያው ውስጥ ብዙ ተነቧል። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ይህ ልማድ ገና አልሰረጸም፤ «ማን ነው የነካው?» የሚለው ጥያቄ አሁንም ይቀድማል። የተጠየቀ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሎጉን ከማሳየቱ በፊት ራሱን የሚያድንበትን ያስባል። ሲኒየር ዴቨሎፐር በክፍሉ ውስጥ የሚያመጣው ለውጥ አንዳንዴ ይህችን አንዲት ጥያቄ መቀየር ብቻ ነው።

ኮድ ከጻፉት ሰዎች በላይ ስለመኖሩ ካነሳን ዘንድ፣ ዴንማርካዊው ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ደፋር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ፕሮግራም ማለት የተጻፈው ጽሑፍ አይደለም፤ የሠሩት ሰዎች በአእምሯቸው የያዙት መረዳት ነው፤ እነሱ ከተበተኑ ኮዱ ቢሠራም ፕሮግራሙ ሞቷል ይላል። ሐሳቡ የተጋነነ ቢመስልም ዋናው ዴቨሎፐር የተሻለ ክፍያ አግኝቶ የሄደበት ቡድን ውስጥ የሠራ ሰው አይከራከረውም። ኮዱ አለ፣ ሰነዱም ምናልባት አለ፤ ያቺ እንግዳ የምትመስል መስመር ለምን እንደተጻፈች የሚያውቅ ግን የለም፤ ስለዚህ ማንም አይነካትም፣ እንደ ፓወር ፔግ ትቀመጣለች።

ኮድ ሪቪው ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ መረዳት ከአንድ ራስ ወደ ሌላ የሚሻገርበት ቦታ ነው። ብዙ ሲኒየሮች ግን የፈተና እርማት ያደርጉታል። አንዲት ጀማሪ የመጨረሻውን የኮንሰርት ትኬት የሚሸጥ ኮድ አቀረበች እንበል፤ ኮዱ ቀሪው ከዜሮ መብለጡን አይቶ፣ ከዚያ አንድ ይቀንሳል። አንዱ «ይህ ስህተት ነው፣ ሎክ ጨምሪበት» ብሎ ይጽፍላታል። ትጨምራለች፤ ምን እንዳዳነች ሳታውቅ። ሌላው «ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት ቢጫኑ ሁለቱም የሚያዩት ቀሪ ስንት ነው?» ይላታል። ትንሽ ታስባለች፤ «ሁለቱም አንድ ያያሉ… ሁለቱም ይገዛሉ!» ትላለች። ይሄኛው መንገድ ቀርፋፋ ነው፤ ለዛሬው ቀን ኪሳራ ነው። በሚቀጥለው ወር ግን የክምችት ክፍሉን ስትሠራ ያንኑ ጥያቄ ራሷ ታነሳዋለች፤ በዓመቱ ደግሞ ሌላ ሰው ትጠይቃለች።

ወደ ሲኒየርነት ከሚወስዱት ነገሮች ሁሉ እኛን የሚከብደን ግን ቴክኒካዊ አይመስለኝም። ይሉኝታ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ለጥምቀት ይደርሳል አይደል?» ሲል እንደማይደርስ እያወቀ «ችግር የለም» የሚል ዴቨሎፐር በየቢሮው አለ። ክፋት የለበትም፤ አለቃን ፊት ለፊት «አይደርስም» ማለት ነውር ሆኖበት ነው። ከዚያ በዋዜማው እውነቱ ይወጣል፤ የሚወሰደው እርምጃም ሰው መጨመር ይሆናል። ፍሬድሪክ ብሩክስ የአይቢኤምን ኦኤስ/360 ልማት ከመራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የዘገየ ሶፍትዌር ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረድቷል። አዲሶቹን የሚያስተምሩት ያው ሥራው ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ መነጋገር ያለባቸው ሰዎችም ይበዛሉ። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ስህተቱ ግን በየዓመቱ ይደገማል።

ይሉኝታን አክብሮ እውነቱን የሚናገር መንገድ አለ፤ ጎበዝ ሲኒየሮች ሲጠቀሙበት አይቻለሁ። «አይደርስም» ብለው በር አይዘጉም። «ክፍያው ለጥምቀት ይደርስልዎታል፤ ሪፖርቱ ግን እስከ የካቲት ይቆያል። ሪፖርቱ የሚቀድም ከሆነ ክፍያውን እናዘገየዋለን። የቱ ይሻልዎታል?» ይላሉ። አለቃው ክብሩ አልተነካም፤ ውሳኔው በእጁ ነው። ዋናው ነገር ይህ ንግግር የሚደረግበት ቀን ነው፤ በኅዳር ከተነገረ ዕቅድ ነው፣ በጥምቀት ዋዜማ ከተነገረ ሰበብ ይመስላል።

ይህ ሁሉ እንዴት ይለመዳል? ከመጽሐፍ የሚገኘው ጥቂት ነው። ሰው በውሳኔው ላይ ዓይኑ የሚከፈተው ውጤቱን ለማየት በቂ ጊዜ ሲቆይ ነው። በየዓመቱ ድርጅት የሚቀይር ዴቨሎፐር የራሱን ኮድ አርጅቶ አያየውም፤ የሌሎችን እርጅና ብቻ እየወረሰ፣ እየረገመ ይሄዳል። ይህን ስል ኑሮ ውድነቱን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከውጭ ድርጅት በዶላር የሚከፈል ሥራ የመጣለትን ልጅ «ለዕድገትህ ስትል ቆይ» የሚል መካሪ ራሱ ቢሆን ይቆይ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ግን የሄደም ሰው ቢሆን ከቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ አያቅተውም። ሌላው የማውቀው አቋራጭ ደንበኛ የሚያገለግሉት ሠራተኞች አጠገብ መቀመጥ ነው፤ ከሠራተኛዋ ጎን ግማሽ ቀን የተቀመጠ ዴቨሎፐር ስለ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ነገሩን ይበልጥ አጥብቀውታል። ከምሳ በፊት ያልቅ የነበረውን የመፈለጊያ ሥራ አሁን በደቂቃ ያደርሱታል። ሪቪው የሚያደርገው ሰው ላይ ያለው ጫና ግን ጨምሯል፤ የሚነበበው ኮድ በዝቷል፣ የጻፈውን «ለምን እንዲህ አደረግክ?» ብሎ መጠየቅም አስቸጋሪ ሆኗል። የሚያሳስበኝ ለጀማሪዎቹ ነው። ሲኒየሮቹ ሲኒየር የሆኑት በእነዚያ ትንንሽ ቲኬቶች ላይ ነው፤ ቲኬቶቹን ማሽን ከወሰዳቸው ድርጅቶች ጀማሪ የሚያሠለጥኑበትን ሌላ ቦታ አስበው መፍጠር ይኖርባቸዋል። እስካሁን አስበውበት የሠሩትን ጥቂት ነው ያየሁት።

ቃለ መጠይቅ የማድረግ ዕድል ስታገኙ፣ የፍሬምወርኩን ዝርዝር እለፉትና አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከጻፍከው ኮድ ውስጥ ከሁለት ዓመት በኋላም ሲሠራ የነበረ አለ? ምን ደረሰበት? አንዳንዱ የፕሮጀክቱን ስም፣ የቴክኖሎጂውን ዓይነት፣ የተጠቃሚውን ብዛት ይነግራችኋል፤ ከተረከበ በኋላ ስለሆነው ግን የሚለው የለም። ሌላዋ «የቀን ዓምዱን በጽሑፍ መልክ አስቀምጬው ነበር፣ ጳጉሜን 6 የሆነ ዓመት ሲመጣ ሪፖርቱ ተዛባ፣ ከዚያ…» ብላ ትጀምራለች። አታቋርጧት፤ ማን እንዳገኘው፣ አሮጌውን መረጃ እንዴት እንዳረመችው፣ አለቃዋን በስንተኛው ቀን እንደነገረችው እስክትጨርስ ስሟት።